35 ቶን ወይስ 27? ከቱሉ ዲምቱ ወደ በረራ ኦፕሬሽን የገባች ጀማሪ ጉዳይ

ጉዳዩ የአንዲት ሠልጣኝ ነው። ዕድሜዋ 23፣ የመጀመሪያ ዲግሪዋ ፊዚክስ፣ መኖሪያዋ የአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ የአዳማው ፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት ቱሉ ዲምቱ ነው። በአንድ አየር መንገድ የበረራ ኦፕሬሽን ክፍል በጀማሪነት ገብታ የበረራ ኦፕሬሽን ኦፊሰር፣ በተለመደው አጠራር ዲስፓቸር፣ ለመሆን ትለማመዳለች። ስሟንም ድርጅቱንም አንጠራም። እዚህ የምናየው በልምምዱ የመጀመሪያ ወራት የት የት እንደተደናቀፈች፣ ምክንያቱ ምን እንደሆነና በምን እንደተቃና ነው። የክብደትና የነዳጅ ቁጥሮቹ ለልምምድ የተጠጋጉ ስለሆኑ ከየትኛውም አውሮፕላን መመሪያ የተወሰዱ ተደርገው አይታዩ።

የገባችበት በር

ብዙ ሰው በረራ ኦፕሬሽን ሲባል አብራሪና የበረራ አስተናጋጅ ብቻ ይታየዋል። ሠልጣኟም ስታመለክት እንደዚያው ነበር የምታስበው። ክፍሉ ውስጥ ግን ከመሬት የማይነሱ ብዙ ጠረጴዛዎች አሉ፦ የበረራ ሠራተኞችን ፈረቃ የሚመድብ፣ የትኛው አውሮፕላን የት እንዳለ የሚከታተል፣ በሌላ አገር ሰማይ ላይ ለማለፍ ፈቃድ የሚጠይቅ፣ የጭነት ሚዛን የሚያሰላ፣ የመንደርደሪያ ስሌትና ካርታ የሚያዘጋጅ፣ በመጨረሻም የበረራውን ዕቅድ ሠርቶ ከአብራሪው ጋር የሚፈርም። ለጀማሪ በቀጥታ የመጨረሻው ወንበር አይሰጥም። እሷ የገባችው በጭነት ሚዛን ጠረጴዛ ነው። መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። በእኛ ግምት ግን ከዚያ የተሻለ መግቢያ የለም፤ ምክንያቱ ወረድ ብሎ ይታያል።

ፈቃዱን በተመለከተ መነሻው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ የአይካኦ፣ የሙያ ፈቃድን የሚደነግገው አባሪ 1 ነው። ዕድሜ ቢያንስ 21 መሆን አለበት። ፈተናው የአየር ሕግ፣ የአውሮፕላን ጠቅላላ ዕውቀት፣ የበረራ ስሌትና የጭነት አደራረግ፣ የሰው ልጅ ብቃትና ውስንነት፣ ሜትሮሎጂ፣ አቅጣጫ ፍለጋ፣ የበረራ መርሕና የሬዲዮ ግንኙነትን ይሸፍናል። ከዚህ በተጨማሪ አመልካቹ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 6 ወራት ውስጥ ቢያንስ 90 የሥራ ቀን በባለፈቃድ ኦፊሰር ቁጥጥር ሥር መሥራት ይኖርበታል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ኮርስ ብቻውን ፈቃድ አያስገኝም፤ 90ውን ቀን የሚያሠራ አየር መንገድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለማሠልጠኛ ተቋም ገንዘብ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው፦ ኮርሱን የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ይቀበለዋል ወይ? የተግባር ልምምዱ የሚሠራውስ የት ነው? ለሁለተኛው ጥያቄ «እናመቻቻለን» ተብሎ በአፍ ብቻ ከተመለሰ፣ መልስ አልተገኘም ማለት ነው።

በአባሪ 1 ለዲስፓቸር የሕክምና ምስክር ወረቀት አይጠየቅም፤ እሱ የአብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ግዴታ ነው። በዓይኑ ምክንያት ከአብራሪነት የቀረ ሰው ይህን ይያዝ።

የመጀመሪያው መደናቀፍ፦ ሰዓት

ሠልጣኟ ሒሳብ አይከብዳትም። ያደናቀፋት ሰዓት ነው። እዚህ አገር የሚሠራ ጀማሪ በአንድ ጊዜ ሦስት ሰዓት ይዞ ነው የሚኖረው፦ ቤት የሚነገረው የሐበሻ ሰዓት፣ የተሳፋሪው ትኬት ላይ ያለው የአገር ውስጥ ሰዓት፣ ሰነዱ ሁሉ የተጻፈበት ዙሉ፣ ማለትም በአቪዬሽን የሚሠራበት ዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC)። ዙሉ ከትኬቱ ሰዓት 3 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ከሐበሻው ደግሞ 3 ሰዓት ወደፊት። ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ትኬቱ ላይ 9፡00፣ በዙሉ 0600 ነው። ቀን ቀን ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ ጣጣው ሌሊት ይመጣል። ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የሚነሳ በረራ በትኬቱ ማክሰኞ 01፡00 ነው፤ በዙሉ ግን ገና ሰኞ 2200 ነው። ቀኑ የሚያመልጠው እዚህ ጋ ነው።

በአንድ ልምምድ ላይ ከአውሮፓ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ በረራ ተሰጣት። ወደ ቦሌ ማረፍ ካልተቻለ የሚኬድበት ተለዋጭ ማረፊያ ድሬዳዋ ተደርጎ፣ አውሮፕላኑ እዚያ ሊደርስ የሚችለው 0245 ዙሉ ላይ ነበር። ከልምምዱ ወረቀት ጋር የተያያዘው ኖታም፣ ማለትም ለበረራ ሠራተኞች የሚወጣው ማስታወቂያ፣ መንደርደሪያው «ከ2100 እስከ 0300» ለጥገና ዝግ መሆኑን ይናገራል። እሷ 0245 ዙሉን በትክክል ወደ አገር ውስጥ ሰዓት ቀይራ 05፡45 አለች። የኖታሙን 0300 ግን የአገር ውስጥ መስሏት ሳትቀይረው ቀረች፤ ስለዚህ «ጥገናው ካበቃ ቆይቷል» ብላ ድሬዳዋን አጸደቀች። ኖታምም የአየር ጠባይ መረጃም በዙሉ ነው የሚጻፈው። መንደርደሪያው ዝግ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ዲሲፕሊን ይፈልጋል። ጠረጴዛው ላይ ያለ ምንም ነገር ወደ ሌላ ሰዓት አይቀየርም፤ ሁሉም በዙሉ ይነበባል፣ በዙሉ ይወዳደራል። የእጅ ሰዓቷን በዙሉ ሞላችው። ወደ ሐበሻ ሰዓት የምትመለሰው ሰርቪስ ስትጠብቅ ብቻ ነው። ቀኑም እንደዚሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከነዙሉው ይጻፋል።

ዋናው ጉዳይ፦ ክብደት

አሁን ርዕሱ ላይ ወዳለው ጥያቄ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ 7 ሰዓት ያህል የሚበር ባለሁለት ሞተር ሰፊ አውሮፕላን ተሰጣት። ባዶው ከበረራ ሠራተኞቹና ከስንቁ ጋር 125,000 ኪሎ ይመዝናል። ያለ ነዳጅ ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ ክብደት 160,000፣ ለማረፍ የሚፈቀድለት 172,000፣ በፋብሪካው ወሰን ለመነሳት የሚፈቀድለት 227,000 ነው። «ስንት ኪሎ ሰውና ዕቃ እንጫን?» ነው ጥያቄው።

መጀመሪያ ነዳጁ። የአውሮፕላን በረራ አሠራርን በሚደነግገው በአይካኦ አባሪ 6 አደራደር እንዲህ ሆነ፦ ለጉዞው 40,000 ኪሎ። ላልታሰበ ነገር የጉዞው 5 በመቶ፣ ማለትም 2,000። ከመድረሻው ወደ ተለዋጩ ማረፊያ 3,500። የመጨረሻው መጠባበቂያ፣ በ1,500 ጫማ ከፍታ ላይ 30 ደቂቃ ለመዞር የሚበቃ፣ 2,500። ድምሩ 48,000። ከማቆሚያው እስከ መንደርደሪያው መሬት ላይ የሚቃጠለው 400 ሲታከል 48,400 ይሆናል። ይህን ሁሉ ያለ ስሕተት ሠራችው።

ቀጥላ ከ160,000 ላይ 125,000 ቀንሳ «35 ቶን ይጫናል» አለች። የመነሻው ክብደት 208,000 መጣ፤ ከ227,000 በታች ስለሆነ ችግር አልታያትም። መልሱ ግን 27 ቶን ነው።

የዘለለችው መንደርደሪያውን ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 7,600 ጫማ ገደማ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጧል። በዓለም አቀፉ መደበኛ አየር ሰንጠረዥ በዚህ ከፍታ ሊኖር የሚገባው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። ለእኛ 23 ዲግሪ ደስ የሚል ቀን ነው፤ ለሞተሩ ግን ከመደበኛው 23 ዲግሪ ገደማ የጋለ ነው። ስሌቱ አጭር ነው፦ የባሮሜትሩ ንባብ 1025 ሄክቶፓስካል ከሆነ ከመደበኛው 1013 በ12 ይበልጣል፤ ለእያንዳንዱ 30 ጫማ ተቀንሶ የግፊት ከፍታው 7,240 ጫማ ይሆናል። ለእያንዳንዱ የትርፍ ዲግሪ 120 ጫማ ሲጨመርበት አውሮፕላኑ የሚሰማው ከፍታ ወደ 10,000 ጫማ ይጠጋል። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ 74 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚወፍረው። ሞተሩ የሚገፋው ይቀንሳል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለመሸከም በፍጥነት መሮጥ አለበት።

ምን ያህል በፍጥነት? በ1.16 ያህል ይባዛል። የፍጥነት መለኪያው 160 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው) ሲያሳይ ጎማው መሬት ላይ የሚሮጠው 186 ኖት ነው። ከኋላ የ10 ኖት ነፋስ ካለ 196 ይሆናል። ብዙ ጎማዎች ደግሞ የ195 ኖት ወሰን አላቸው። ሞተሩ ቢችል እንኳ ጎማው እምቢ ሊል ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ነው ቦሌ ላይ ትንሽ የኋላ ነፋስ እንኳ በቸልታ የማይታለፈው። ከዚያ ተራራው አለ፦ እንጦጦ፣ የረር፣ ወጨጫ፣ ሁሉም ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። አንድ ሞተር ቢጠፋ፣ ከአውሮፕላኑ እውነተኛ አቅም ላይ ሆን ተብሎ ተቀንሶ በተሠራው የመውጫ መሥመር እንኳ፣ መሰናክሎቹ ቢያንስ በ35 ጫማ መታለፍ አለባቸው። ይህ ሁሉ ተደማምሮ ለዚያች ሰዓት የወጣው የመነሻ ወሰን 200,000 ኪሎ ነበር።

እንግዲህ ሦስት ወሰኖች ይደረደራሉ። ያለ ነዳጅ የሚፈቀደው ሲደመር ነዳጁ፦ 160,000 እና 48,000፣ ማለትም 208,000። የማረፊያው ሲደመር በጉዞ የሚቃጠለው፦ 172,000 እና 40,000፣ ማለትም 212,000። የመንደርደሪያው፦ 200,000። የሚወሰደው ትንሹ ነው። ከ200,000 ላይ 125,000ና 48,000 ሲነሱ 27,000 ይቀራል። የፋብሪካው 227,000 ቦሌ ላይ ማጣቀሻ ከመሆን አያልፍም።

ልዩነቱ 8 ቶን ነው። ተሳፋሪው ከነሻንጣው ተሳፍሮ ሲያበቃ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ዕቃ ነው፤ ከሆለታ ወይም ከዝዋይ የመጣ የአበባ ካርቶን ሊሆን ይችላል። አበባ ደግሞ «ነገ ይሂድ» አይባልም። የጭነት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ከመጋዘን የሚመጣውን ስልክ የሚቀበለው ራሱ ስለሆነ የስሕተቱ ዋጋ በደንብ ይገባዋል። ሠልጣኟ በዚያ በር መግባቷን ያመሰገንነው ለዚህ ነው።

የረጅም መንገድ በረራ ለምን ሌሊት ይበዛል ለሚል ሰው መልሱ በከፊል እዚሁ ነው። የተሳፋሪው መገናኛ ሰዓት ዋናው ምክንያት ቢሆንም የሌሊቱ ቅዝቃዜ ወሰኑን ከፍ ያደርገዋል። በልምምዱ ሙቀቱ ሲወርድ ወሰኑ 206,000 ሆነ። ሠልጣኟ ወዲያው «ጭነቱ 33 ቶን ደረሰ» አለች፤ አሁንም ትንሽ ቸኮለች። የከበደ አውሮፕላን የበለጠ ነዳጅ ይበላል፤ በተለመደው ግምት ለእያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ በሰዓት ከ2.5 እስከ 4 በመቶ። በ7 ሰዓት መንገድ ከተጨመረው 6 ቶን ውስጥ ከ1 ቶን በላዩን ነዳጁ ራሱ ይወስደዋል። ኮምፒውተሩ ይህን እየደጋገመ አስልቶ ያስታርቀዋል። ሰው ማወቅ ያለበት ኮምፒውተሩ ያወጣው ቁጥር ከየትኛው ወሰን እንደመጣ ነው። ልምድ ያላቸው አሠልጣኞች ለጀማሪ የሚያቀርቡት ጥያቄም አንድ ነው፦ «ዛሬ ያሠረሽ የቱ ነው?»

ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ የሚገነባው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ በዚህ ሒሳብ ሲታይ ጥቅሙ ግልጽ ነው። አካባቢው ወደ 1,900 ሜትር ነው፤ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ሙቀቱ በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ቢጨምር እንኳ በተመሳሳይ የባሮሜትር ንባብ የሚሰማው ከፍታ 8,600 ጫማ አካባቢ ይሆናል። ከ10,000 ጋር ሲተያይ ቀላል ነገር አይደለም።

የካፒቴኑ ስልክ

በሌላ ቀን፣ ከአለቃዋ አጠገብ ተቀምጣ ሳለ፣ ካፒቴኑ ደወለ። «እህቴ፣ መድረሻው ላይ ደመናው አላማረኝም፤ ሁለት ቶን ነዳጅ ጨምሪልኝ።»

በነዳጅ ላይ የመጨረሻው ቃል የካፒቴኑ ነው። ይሁን እንጂ «እሺ» ብሎ መዝጋት ግማሽ ሥራ ነው። የሰጠችው መልስ ጥሩ ነበር፦ «እሺ ካፒቴን። ዛሬ ያሠረን መንደርደሪያው ነው፤ ሁለት ቶኑ ከዕቃ ላይ ይወርዳል። የመነሻ ክብደቱ ስለማይቀየር የጉዞው ነዳጅ እዚያው ነው። የመድረሻው ትንበያ ግን ከአሥር ደቂቃ በፊት ታድሷል፤ ልላክልዎት?» ካፒቴኑ አዲሱን ትንበያ አይቶ ጥያቄውን ወደ አንድ ቶን ዝቅ አደረገው። አንድ ቶን ዕቃ ተረፈ። ጉዳዩን ያቀለለው ካፒቴኑን ማሳመኗ አልነበረም፤ የሚወስነው ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ማግኘቱ ነው።

ወሰን ባላሠረው በረራ ላይ መልሱ ይለያል፦ ያኔ ዕቃ አይወርድም፤ ነገር ግን ሁለቱን ቶን ለመሸከም ብቻ በ7 ሰዓት ውስጥ 400 ኪሎ ገደማ ይቃጠላል።

ኪሎና ሊትር

ነዳጅ የሚቀዳው መኪና ቆጣሪው ሊትር ነው፤ ዕቅዱ ኪሎ ነው። 48,400 ከሚያስፈልገው ላይ ታንከሩ ውስጥ ያደረው 6,400 ሲነሳ 42,000 ኪሎ ይቀዳል። የነዳጁ ጥግግት 0.80 ከሆነ 52,500 ሊትር ነው። ሲከፈል እንጂ ሲባዛ አይደለም፤ ጀማሪ በድካም ሰዓት ይገለብጠዋል። አሃዱን ሳይጽፉ ቁጥር ብቻ መጻፍ ምን እንደሚያመጣ በ1983 በካናዳ ታይቷል፦ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 በኪሎ ፈንታ በፓውንድ ቁጥር ተሰልቶ፣ ከሚያስፈልገው ከግማሽ በታች ነዳጅ ይዞ ተነሳና ሁለቱም ሞተሮቹ አየር ላይ ጠፉ፤ ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የአየር ኃይል ሜዳ ላይ እየተንሸራተተ አረፈ። ሠልጣኟ ከዚህ ምሳሌ በኋላ ያለ አሃድ የጻፈችው ቁጥር የለም።

ፈረቃና መንገድ

ዳር ከተማ መኖር ሥራው ላይ የራሱ ጫና አለው። ፈረቃው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሲጀምር ከቱሉ ዲምቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ መውጣት ግድ ነው፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ አይታመንም፣ ሰርቪስም አስፋልት ዳር እንጂ ግቢ ድረስ አይገባም። ከሥራ በኋላ ደግሞ በቃሊቲ በኩል ከከባድ መኪናው ጋር መጋፋት አለ። በመጀመሪያው ወር የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ ቤቷ ደርሳ ማጥናት ሞከረች፤ አልሆነም። ስሕተቶቿ በብዛት የተመዘገቡትም በተከታታይ ሌሊቶች መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ ጥናቷን በዕረፍት ቀን ብቻ አደረገችው፤ መብራት ሲጠፋ እንዳይቸግራት የአየር ጠባይ መረጃዎችን ሥራ ቦታ ሳለች ስልኳ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። በቀን አንድ የቦሌ ሪፖርት ተርጉማ የሚሰማውን ከፍታ በእጇ ታሰላለች። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ርክክቡም መታረም ነበረበት። ሰርቪሱ እንዳያመልጣት በአፍ ብቻ አስረክባ ትወጣ ነበር፤ አንድ ጊዜ ያልመጣ የማለፊያ ፈቃድ ሳይነገር ቀርቶ ተረካቢው ከመነሻው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው ያወቀው። አሁን ክፍት የሆነ ነገር ሁሉ በጽሑፍ ነው፦ የበረራ ቁጥር፣ ምን እንደቀረ፣ ከማን እንደሚጠበቅ፣ እስከ ስንት ዙሉ።

አሁን ያለችበት

90ውን የሥራ ቀን ጨርሳለች፤ እያንዳንዱ ቀን በተቆጣጣሪዋ ፊርማ ተመዝግቧል። ይህ መዝገብ በየቀኑ መፈረም አለበት፤ መጨረሻ ላይ ፊርማ ለመሰብሰብ የሚሮጥ ሰው አንዱ ተቆጣጣሪ ተዛውሮ ወይም ለቆ ያገኘዋል። ከሥራው ረዘም ላለ ጊዜ የተለየ ሰው ደግሞ 90ው ቀን ከ6 ወሩ መስኮት እንዳይወጣበት ማመልከቻውን ባያዘገይ ይሻላል። እሷ ለጽሑፍ ፈተና ተመዝግባለች። ደካማ ጎኗ ሜትሮሎጂ ነው፤ በተለይ የክረምት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ትንበያ ላይ «አልፎ አልፎ» ተብሎ ሲጻፍ ለተለዋጭ ማረፊያ ምርጫ እንዴት እንደሚወሰድ ገና አልጠራላትም።

ፈቃዱ ከመጣ በኋላ የሚቀሩ ሁለት ነገሮች አሉ። በአባሪ 6 መሠረት ኦፊሰሩ በሚቆጣጠረው አካባቢ ላይ ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ቢያንስ አንድ የአንድ መንገድ በረራ በአብራሪዎቹ ክፍል ተቀምጦ ማድረግ አለበት። ለ12 ተከታታይ ወራት ከሥራው የራቀ ሰውም ብቃቱ ዳግም ሳይረጋገጥ አይመደብም። ለመጀመሪያው በረራዋ የአውሮፓውን መንገድ መርጣለች፤ አለቃዋ ግን መጀመሪያ በሙቅ ቀትር ከቦሌ በሙሉ ወሰን የሚነሳ በረራ ላይ እንድትቀመጥ መድቧታል።